ሶዳና አቼቶ የተጨመረበት ጠርሙስ ለምን አልሞቀም? የግሪንሃውስ ውጤትን በክፍል ስለማሳየት

ጥያቄ፦ «ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 65 ተማሪ አለ፤ ቤተ ሙከራ የለንም፤ ያለኝ ሁለት ቴርሞሜትር ብቻ ነው። የግሪንሃውስ ውጤትን ለማሳየት ሁለት ሃይላንድ ወስጄ በአንደኛው ሶዳና አቼቶ ጨምሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞላሁት፤ ሌላውን አየር ብቻ እንደያዘ ተውኩት። ሁለቱንም አምፖል ፊት አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጭራሽ ቀዘቀዘ፤ በማግስቱ በ1 ዲግሪ በለጠ፤ በሦስተኛው ቀን እኩል ሆኑ። ስህተቴ የቱ ላይ ነው? ጋዙ ሙቀቱን እንደ መስታወት መልሶ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ለምን አይታይም? የኦዞን መሳሳትስ ከዚህ ጋር እንዴት ይያያዛል?»

ምላሽ፦ ስህተቱ የእጅዎ ሳይሆን የሙከራው ነው። የሁለት ጠርሙሱ ሙከራ በብዙ የማስተማሪያ ጽሑፍ ውስጥ ቢገኝም አሳያለሁ የሚለውን ነገር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን የመሳሰሉ ጋዞች ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እያዘገዩ መሬትን ማሞቃቸውን፣ አያሳይም፤ ቢሳካ እንኳ የሚሳካው በሌላ ምክንያት ነው። ሦስቱም ውጤቶችዎ ግን ምክንያት አላቸው። መጀመሪያ እነሱን እንፍታቸው።

የመጀመሪያው ቀን ቅዝቃዜ የመጣው ከሶዳውና ከአቼቶው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይወስዳሉ እንጂ አይሰጡም፤ አረፋው እየወጣ ሳለ ጠርሙሱን ከታች ቢይዙት ቅዝቃዜው እጅዎ ላይ ይሰማዎታል። ስለዚህ አንደኛው ጠርሙስ ገና ሲጀመር ከጓደኛው ወርዶ ነው የሚነሣው። ከሥሩ የሚቀረው ፈሳሽም ሌላ ጣጣ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ዲግሪ ለመሞቅ የሚፈልገው ሙቀት በጠርሙሱ ውስጥ ካለው አየር ሁሉ ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። አየር ብቻ የያዘው ጠርሙስ ደግሞ ይህ ሸክም የለበትም። ውድድሩ ከመነሻው እኩል አልነበረም።

የሁለተኛውና የሦስተኛው ቀን ጉዳይ የአምፖሉ ነው። የብርሃን ኃይል በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። አንዱ ጠርሙስ ከአምፖሉ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 28 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የቀረበው 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይደርሰዋል። ጠረጴዛ ላይ በዓይን ግምት ሲቀመጥ 2 ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም፤ እርስዎ ያዩትን 1 ዲግሪ ለማምጣት ግን ከበቂ በላይ ነው። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ወደ አምፖሉ ዞሮ ከሆነም እንዲሁ፤ ያኔ የሚነበበው የጋዙ ሙቀት ሳይሆን ብርሃን የበላው የቴርሞሜትሩ ጫፍ ሙቀት ነው። አምፖሉ ኤልኢዲ ከነበረ ደግሞ ኃይሉ 9 ወይም 12 ዋት ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ጠርሙሶች ከክፍሉ አየር ብዙም አይለዩም፤ «እኩል ሆኑ» የሚለው ውጤት ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው።

ርቀቱን በማስመሪያ ለክተው፣ ጋዙን በሌላ ጠርሙስ አዘጋጅተው፣ ሁሉን አስተካክለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጠርሙስ ቢበልጥስ? አሁንም ማስረጃው ውኃ አያነሣም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል፤ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙም ከአየር ያነሰ ነው። ከባዱ ጋዝ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ልቡ ስለማይዘዋወር በብርሃን የሞቀው ነገር ሙቀቱን ቶሎ አያስረክብም። አርጎን የሚባለው ጋዝ የኢንፍራሬድ ጨረር፣ ማለትም የሞቀ ነገር የሚለቀውን በዓይን የማይታይ ጨረር፣ ፈጽሞ አይመጥም፤ ሙቀት አማቂ ጋዝ አይደለም። ሆኖም ክብደቱ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀርብ በዚህ ሙከራ ውስጥ ሲገባ ተመሳሳይ ጭማሪ ያሳያል፤ አሜሪካ ውስጥ በሚታተም የፊዚክስ መጽሔት በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ሙቀት የማያምቅ ጋዝ ያንኑ ውጤት ካመጣ ጠርሙሱ የሚለካው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጠርሙሱ የግሪንሃውስን ውጤት ሊያሳይ የማይችልበት የተፈጥሮ ምክንያት መኖሩ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድር የምትለቀውን ኢንፍራሬድ በዋናነት የሚመጠው የሞገድ ርዝመቱ 15 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ሲሆን ነው። የጠርሙሱ ፕላስቲክ ራሱ ከዚህ ዓይነቱ ጨረር አብዛኛውን ስለሚመጥ ውስጡ ምን ጋዝ ቢኖር ልዩነቱ ይዋጣል። የጋዙ መጠንም ሌላ ነው፤ በላያችን ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁሉ ለይተን በባሕር ወለል ግፊት ብናከማቸው ከ3 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ውፍረት ይኖረዋል። የእርስዎ ጠርሙስ ውፍረት 9 ሴንቲ ሜትር ነው።

ዋናው ነገር ከፍታ ነው። ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ ደጀን የወጣ ተማሪ ታች በላብ ተጠምቆ ላይ ሲደርስ ጃኬት እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ከ1,300 ሜትር በላይ መውጣት ነውና፣ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ወደ ጠፈር የሚያመልጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨረር የሚነሣው ከመሬት ሳይሆን ከዚህ ቀዝቃዛ የላይ አየር ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ደግሞ ጥቂት ነው የሚለቀው። ጋዙ ሲጨምር ጨረሩ የሚያመልጥበት ከፍታ ወደ ላይ፣ ወደ ባሰው ቅዝቃዜ ይሸሻል፤ የሚወጣው ኃይል ከሚገባው ያንሳል፤ ሚዛኑ እስኪመለስ ድረስ መሬት ይሞቃል። ላይና ታቹ እኩል የሚሞቅ ጠርሙስ ውስጥ ይህ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ «እንደ መስታወት ያንጸባርቃል» የሚለውን ያርሙት። ጋዙ ጨረሩን ይመጥጣል፤ ከዚያም በራሱ ሙቀት ልክ ወደ ላይም፣ ወደ ታችም፣ ወደ ጎንም ይለቃል። ወደ ታች የሚመጣው ለመሬት ተጨማሪ ገቢ ነው። ምድር ከፀሐይ የምትመጠው በአማካይ በካሬ ሜትር 240 ዋት ያህል ነው፤ በዚህ ብቻ ብትተዳደር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር። የእውነቱ 15 ዲግሪ ነው፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ መሬት የምትለቀው በካሬ ሜትር 390 ዋት ይደርሳል። የ33 ዲግሪው ልዩነት የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም የውኃ ተን ነው። ችግሩ ጭማሪው ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 280 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ተማሪ «የግሪንሃውስ ውጤት መጥፎ ነው» ብሎ ከጻፈ ግማሽ ነጥብ እንኳ አይስጡት።

ኦዞን ሌላ ምዕራፍ ነው። ኦዞን የሚያጣራው አልትራቫዮሌት ጨረርን ነው፤ የሳሳውም በማቀዝቀዣና በመርጫ ጣሳዎች ውስጥ በነበሩ ክሎሪን ያለባቸው ጋዞች ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የወጣውም ለዚሁ ነው። «በቀዳዳው ሙቀት ይገባል» የሚለው አነጋገር ስህተት ነው። ሁለቱን ምዕራፎች በተለያየ ሳምንት ያስተምሩ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከቀረቡ ተማሪው ለዘለዓለም ይደባልቃቸዋል።

እንግዲህ ጠርሙሱን ይተዉትና በምትኩ ሦስት ሥራዎችን ይያዙ፤ የካርቶን ሣጥን፣ የሌሊት ቆርቆሮ፣ የሚያፈስ ሃይላንድ።

ሣጥኑ የሚያሳየው የአበባና የችግኝ ግሪንሃውስ፣ ማለትም የመስታወት ወይም የላስቲክ ቤት፣ እንዴት እንደሚሞቅ ነው፤ ያም ከከባቢ አየሩ የተለየ መሆኑን። አራት እኩል የጫማ ካርቶኖች ይሰብስቡ። ወለላቸውን በጥላሸት ወይም በደቀቀ ከሰል ያጥቁሩ፤ አፈር ካደረጉበት ፍጹም ደረቅ ይሁን። የመጀመሪያው ክፍት ይሁን፤ ሁለተኛው 3 ሚሊ ሜትር የመስኮት መስታወት ይከደንበት፤ ሦስተኛው ዳቦ የሚሸጥበት ዓይነት ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ይወጠርበት፤ አራተኛው እንደ ሁለተኛው መስታወት ይኑረው፣ ግን በላይኛው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር፣ በታችኛው ጫፍም እንዲሁ ክፍት ይተዉለት። ሣጥኖቹን ፀሐይ ወደ ውስጥ ቀጥ ብላ እንድትገባ አዘንብለው ያስቀምጡ። በቴርሞሜትሩ ጫፍ ላይ ጥላ የሚጥል የካርቶን ቁራጭ መኖሩን አይርሱ፤ ይህ ከቀረ ሙከራው እንደ አምፖሉ ይበላሻል። ሁለት ቴርሞሜትር ብቻ ስላለዎት ሣጥኖቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ያወዳድሩ፤ መጀመሪያ ክፍቱን ከመስታወቱ፣ ቀጥሎ መስታወቱን ከላስቲኩ፣ በመጨረሻ መስታወቱን ከተከፈተው መስታወት። ለእያንዳንዱ ጥንድ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ በየ2 ደቂቃው ይነበብ።

ጥርት ባለ ቀን ክድን ሣጥኖቹ በቀላሉ ከ50 ዲግሪ ያልፋሉ፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ እስከ 100 ወይም 110 ዲግሪ የሚለካ ይሁን። የሕመምተኛ ቴርሞሜትር እስከ 42 ስለሆነ ይሰበራል፤ የሜርኩሪ ከሆነ ደግሞ ተማሪ መሐል ፈጽሞ አይግባ። የመስታወቱን ጠርዝ በፕላስተር ይጠቅልሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ አናት የምትደርሰው 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የጠዋት ፈረቃ ከሆኑ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ያለው ፀሐይ በቂ ነው።

የሚያገኙት ይህ ነው፤ መስታወትና ላስቲክ ከክፍቱ በብዙ ይበልጣሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን ያላቸው ልዩነት ትንሽ ነው። መስታወት የኢንፍራሬድ ጨረርን ያግዳል፤ ስስ ላስቲክ ግን አብዛኛውን ያሳልፋል። ሙቀቱ የመጣው ጨረሩ በመታገዱ ቢሆን ኖሮ ላስቲኩ በጣም በቀነሰ ነበር። መስታወት እያለው ላይና ታች የተከፈተው ሣጥን ግን ወዲያው ይወርዳል። ተማሪው ራሱ «ያሞቀው የታፈነው አየር ነው» ይበል፤ አይንገሩት። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በ1909 እ.ኤ.አ. አንዱን ሣጥን በመስታወት፣ ሌላውን ኢንፍራሬድ በሚያሳልፍ የድንጋይ ጨው ገበታ ከድኖ ያገኘው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ 1 ዲግሪ እንኳ የሚሞላ አልነበረም። እርጥብ አፈር ካለ ግን ላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ ያበጃል፤ የውኃ ነጠብጣብ ደግሞ ኢንፍራሬድ ያግዳልና ላስቲኩ እንደ መስታወት ይሆንብዎታል። ደረቅ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው።

ከሦስቱ እጅግ የሚበልጠው የሌሊቱ ሙከራ ነው፤ እውነተኛውን የግሪንሃውስ ውጤት ያለ መስታወትና ያለ ጠርሙስ የሚያሳየው እሱ ነው። የደጋ ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ካለ ውርጭ እንደሚጥል፣ ደመና ካለ ሌሊቱ እንደሚለዝብ ያውቃል። ብዙዎች ግን ቅዝቃዜው ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸዋል። የሚወርድ ቅዝቃዜ የለም፤ መሬቱ ነው ሙቀቱን በኢንፍራሬድ እየለቀቀ የሚከስረው። ደመናና የውኃ ተን ሲኖር ከላይ ወደ ታች የሚመለስ ጨረር ስለሚበዛ ኪሳራው ይቀንሳል። ደመናው በዚያ ሌሊት ለመሬት ጋቢ ሆነላት ቢሉ ያስኬዳል፤ ጋቢ ራሱ ሙቀት አያመነጭም፣ የሚወጣውን ነው የሚያዘገየው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዘይት ቆርቆሮ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ጠፍጣፋ ቁራጮች ያስቆርጡ፤ ስለቱን በመዶሻ ያጥፉት። ላያቸውን ቀለም ይቀቡ። የቀለሙ ዓይነት ግድ የለም፤ ነጭም ጥቁርም በኢንፍራሬድ እኩል ያህል ይለቃል። ያልተቀባ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ግን ጨረር ስለሚሰስት ሙከራውን ገደል ይከተዋል፤ ይህን ሥራ ሞክረው ያልሆነላቸው አብዛኞቹ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ካርቶን ውስጥ ደረቅ የጤፍ ጭድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎዝጉዙና ቆርቆሮዎቹን ከላይ ያስተኙ። ጭዱ ከመሬት የሚመጣውን ሙቀት ይከለክላል። የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከቆርቆሮው ሥር በፕላስተር ያጣብቁ፤ ዘንጉ በካርቶኑ ጎን ወጥቶ ሳይነካ የሚነበብ ይሁን። ቴርሞሜትሮቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን አስቀድመው አንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ ከትተው ይፈትሹ፤ አንዱ በ1 ዲግሪ ከበለጠ ያንን ሁልጊዜ ይቀንሱ።

ሁለቱንም ዛፍና ግድግዳ በማይጋርደው ቦታ ጎን ለጎን ያኑሩ። በአንደኛው ላይ ጠረጴዛ ይቁምበት ወይም በአራት እንጨት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ የካርቶን ጣሪያ ይሠራለት፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ አየሩ ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነታቸው አንዱ ሰማይ ያያል፣ ሌላው ጣሪያ ያያል፤ ያ ብቻ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በየ15 ደቂቃው ይነበብ። ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ሰማይ የሚያየው ከባለ ጣሪያው ከ3 እስከ 6 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ደመና በሸፈነው ሌሊት ሲደገም ልዩነቱ ወደ 1 ዲግሪ ይጠጋል ወይም ይጠፋል። እነዚህን ሁለት ሌሊቶች በአንድ ግራፍ ላይ ጎን ለጎን ማሳየት ከማንኛውም ጠርሙስ ይበልጣል፤ ሰማዩ ሲለወጥ መሬቱ የሚያጣው ሙቀት መለወጡን ቁጥሩ ይናገራል።

የሚያበላሸው ነፋስ ነው፤ ትንሽ ሽውታ ቆርቆሮውን ከአየሩ ጋር እኩል ያደርገዋል። ጤዛ መውረድ ከጀመረም ውኃው ሲጨበጥ ሙቀት ስለሚሰጥ ቅዝቃዜው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ንባብ ይጣሉት። ሦስተኛ ሌሊት ካገኙ ሰማይ በሚያየው ላይ ከሣጥኑ ሙከራ የተረፈውን ስስ ላስቲክ ከ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይወጥሩበት። ላስቲኩ ነፋሱን አግዶ ጨረሩን ስለሚያሳልፍ ቆርቆሮው ጭራሽ ይብስበታል። ላስቲክ ሁሉ ያሞቃል ብሎ የሚያምን ተማሪ ይህን ሲያይ ቀን ያየውን ሣጥን እንደገና ለማሰብ ይገደዳል። የደብረ ማርቆስ ከፍታ 2,400 ሜትር ስለሚያልፍ ከላይ ያለው አየር ስስና በበጋ ደረቅ ነው፤ ለዚህ ሙከራ የተመቸ ነው። ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ላይ ላለ መምህር ልዩነቱ ያንስበታል፤ ያም ራሱ ትምህርት ነው። ተማሪዎችን በሌሊት ትምህርት ቤት አይጥሯቸው፤ ሥራው አጥር ባለው ግቢ፣ ከወላጅ ጋር ይሁን። ጅቡንም አይርሱ።

ሃይላንዱ የሚያሳየው ሚዛንን ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጠው ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጋለ ምስማር 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያብጁለት። ከቧንቧ ወይም ቀዳዳ ካለው ጀሪካን በደቂቃ 1 ሊትር ያህል ውኃ ያለማቋረጥ ይግባበት። ውኃው ከቀዳዳው በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደርሶ ይቆማል፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሆኗልና። ቁመቱን በእስክሪፕቶ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ የቀዳዳውን ሩብ ያህል በፕላስተር ይሸፍኑ። ውኃው ይነሣና ስድስት ሰባት ደቂቃ ቆይቶ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ እንደገና ይቆማል። አሁን ከቀዳዳው የሚወጣውን ውኃ በጆግ ለደቂቃ ቀድተው ይለኩ፤ እንደ መጀመሪያው 1 ሊትር ነው። መውጫው ጠበበ፣ ከፍታው ጨመረ፣ የሚወጣው ግን ከሚገባው ጋር ታረቀ። ሙቀት አማቂ ጋዝ ሲጨምር የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሙቀት ለዘለዓለም አይታፈንም፣ ምድር በከፍ ባለ ሙቀት አዲስ ሚዛን ትይዛለች። ጀሪካን ከተጠቀሙ ውኃው ሲጎድል ግፊቱ ስለሚቀንስ የሚገባውም ይቀንሳል፤ አንድ ተማሪ ከምልክቱ ሳያሳንስ እየሞላ ይቁም። ይህን በክረምትም፣ በዝናብም፣ መብራት በሌለበትም ማሠራት ይቻላል።

ገደቡን ለተማሪዎች በግልጽ ይንገሯቸው፤ ከሦስቱ አንዱም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለይቶ አያሳይም። የዚያ ማስረጃ የሚገኘው ከሌላ ቦታ ነው። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856 እ.ኤ.አ. በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፀሐይ ላይ ከአየር በላይ እንደሚሞቅ ጻፈች፤ መስታወት የመሬትን ጨረር ስለማያሳልፍ ግን የለካችው ከፀሐይ የሚመጣውን ነው። ጆን ቲንዳል ከ1859 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ጫፉ በድንጋይ ጨው የተዘጋ የነሐስ ቱቦ ሠርቶ ጋዞቹን አንድ በአንድ ለካ፤ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጨረሩን እንደሚያሳልፉ፣ የውኃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደሚመጥጡት አሳየ። በ1970 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ኒምበስ 4 ሳተላይት ደግሞ ከምድር የሚወጣውን ጨረር ከላይ ስትለካ 15 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ጉልህ ጉድለት አገኘች። የዚህን ግራፍ ቅጂ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ከሐሰተኛ ሙከራ ይሻላል።

ርእሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሙከራ የግድ ካሉ እንደ ቁጥጥር ልምምድ ያሠሩት። 10 ግራም ሶዳ፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ እና 150 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ አቼቶ በሌላ ጠርሙስ ያገናኙ። በደብረ ማርቆስ ግፊት ከ3 ሊትር የሚበልጥ ጋዝ ይወጣል፤ አንድ ባለ 1.5 ሊትር ሃይላንድ ለመሙላት ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር አይሆንም፤ ጋዙ ያንሳል። ጋዙን በንጹሕ የግሉኮስ ቱቦ ወደ ደረቁ ጠርሙስ ሥር ያውርዱት፤ ክብሪት አፉ ላይ ሲጠፋ ሞልቷል። አረፋ እየወጣ ሳለ ክዳን ፈጽሞ አይጥበቅ፣ ይፈነዳል። ጠርሙሱ የክፍሉ ሙቀት መጠን ላይ እስኪደርስ 15 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ፤ ከዚያ የጠርሙሶቹን ቦታ አለዋውጠው ይድገሙት። ልዩነቱ ጠርሙሱን ሳይሆን ቦታውን ተከትሎ ከሄደ ያሞቀው አምፖሉ ነው፤ ተማሪዎች ይህን ራሳቸው ይድረሱበት።

ገንዘብ ከተገኘ ሦስተኛ ቴርሞሜትር ከመግዛት መካኒኮችና ኤሌክትሪሽያኖች የሚይዙትን ከርቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ ከዜሮ በታች ቢያንስ 30 የሚያነብ ይሁን። ወደ ጠራ ሰማይ ሲያነጣጥሩት ከዜሮ ብዙ ይወርዳል፤ ወደ ደመና ሲያዞሩት ይወጣል። በኮቪድ ጊዜ የተገዙት የግንባር መለኪያዎች ለዚህ አይሠሩም፤ ከ32 ዲግሪ በታች ማንበብ ያቅታቸዋል። ወደ ፀሐይ ግን በምንም ምክንያት አይነጣጠር። መሣሪያው ከ8 እስከ 14 ማይክሮ ሜትር ስለሚያይ የሚያሳየው በዋናነት ተንና ደመናን ነው፤ «ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለካን» ብሎ የሚጽፍ ቡድን ካለ ይመልሱለት።

የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ሃይላንዱን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ ሣጥኑን በሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ፣ የሌሊቱን ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ለቤት ሥራ ይስጡ። 65ቱን ተማሪ በአንድ ሣጥን ዙሪያ አያቁሙ፤ ስምንት ስምንት ሆነው ይከፈሉ፤ ቴርሞሜትሩ የሌለው ቡድን ንባቡን ሰሌዳ ላይ ይቀበልና ግራፉን ይሥራ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ሁሉም የሚጠብቀውን በደብተሩ ይጻፍና ቀኑን ያስፍርበት፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ የተጻፈ ግምት አይቆጠርም።